ዜማ ያቃተው ርዕሰ መምህር



የዛሬው ርዕሳችን ዕጩ መምህር በባዕድ አገር ክፍል ውስጥ ስለሚያደርገው የማስተማር ልምምድ ነው። በዚህ ርዕስ የምንሰማቸው ንግግሮች አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው፤ ሄድኩ፣ አየሁ፣ ተደነቅሁ፣ ምነው እኛም እንዲህ ባደረግን! እኔ ከራሴም ሆነ ከወዳጆቼ ጉዞ አልነሳም። የማወራችሁ በ1875 ወደ አሜሪካ ተልከው በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ስለተማሩ ሦስት ጃፓናውያን ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከጃፓን ጋር እኛ የቆየ ነገር አለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ተጉዘው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉ። ከበደ ሚካኤል ደግሞ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አሉን። ጥያቄያቸው ትልቅ ነበር፤ አገር እንዴት ይሠለጥናል? እኔ ጥያቄውን አጥብቤ ወደ አንዲት ክፍል ላስገባው እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ጠመኔ ይዞ በማያውቃቸው ልጆች ፊት ሲቆም ምን ይማራል? የተማረውንስ አገሩ ሲገባ ምን ያደርገዋል?

በመጀመሪያ የነበረውን ላስታውስ። ከ1872 በፊት ተራው የጃፓን ልጅ የሚማረው «ተራኮያ» በሚባል የሰፈር ትምህርት ቤት ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የተሰጠውን ጽሑፍ በብሩሽ ይገለብጣል፤ ተራው ሲደርስ መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ያሳያል፤ ይታረማል፤ ወደ ቦታው ይመለሳል። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን አሠራር ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። አንዱ አቡጊዳ ላይ፣ አንዱ ዳዊት ላይ፣ ሁሉም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር። በ1872 አዲሱ መንግሥት የትምህርት ሕግ አወጣ፤ ቶኪዮ ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ማሪዮን ስኮት የሚባል አሜሪካዊ እንዲያስተምርበት ቀጠረ። ስኮት ይዞት የመጣው ዛሬ ለእኛ ከጥንት የነበረ የሚመስለንን ነገር ነው፤ ልጆችን በደረጃ መድቦ፣ በረድፍ አስቀምጦ፣ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ለሁሉም አንድ ትምህርት በአንድ ጊዜ ማስተማር።

ወንበሩና ሰሌዳው መጣ። መምህር የሚወጣበት አሠራር ግን በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ አልነበረም። የትምህርት ሚኒስቴሩ እሱን ከምንጩ እንዲያዩ ሦስት ወጣቶች መርጦ ላከ። ኢሳዋ ሹጂ ማሳቹሴትስ ውስጥ ብሪጅወተር ገባ። ታካሚኔ ሂዴኦ ኒው ዮርክ ግዛት ወዳለው ኦስዊጎ ሄደ። ኮዙ ሴንዛቡሮ ኦልባኒ ተመደበ። ስለ ሦስተኛው ዛሬ ብዙ አልልም፤ በኋላ የኢሳዋ የሥራ ባልደረባ መሆኑን ብቻ ያዙልኝ።

ኢሳዋ ሲላክ 24 ዓመቱ ነበር። ዕድሜው ለጋ ይሁን እንጂ ባዶ እጁን አልሄደም፤ የአይቺ መምህራን ማሠልጠኛ ርዕሰ መምህር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በአገሩ ሌሎችን መምህር የሚያደርግ ሰው ብሪጅወተር ደርሶ ከአሜሪካውያን ወጣቶች ጋር እንደ ጀማሪ ተቀመጠ። ሌላውን ትምህርት እንደምንም ተወጣው። መዝሙር ግን እምቢ አለው።

መዝሙር ስል የትርፍ ሰዓት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ለሕፃናት መምህርነት የሚሠለጥን ሰው ዜማ ማስተማር ነበረበት፤ የሙያው አንድ ክፍል ነው። ኢሳዋ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ድረስ ይወጣል፤ ፋ ላይ ይስታል። ሶል፣ ላ ብሎ ይቀጥላል፤ ሲ ላይ ደግሞ ይስታል። ምክንያቱን ከአሜሪካኖቹ ይልቅ እዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ቶሎ የሚረዳው ይመስለኛል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን እየሰማ ያደገ ጆሮ በአምስት ድምፅ የተቃኘ ነው። የኢሳዋም ጆሮ በአምስት ድምፅ ያደገ ነበር። እንዲያውም የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ በኋላ ጃፓኖች ለዘመናዊ ዘፈኖቻቸው ከወደዱት፣ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ከወጡበት ስኬል ጋር አንድ ናቸው። የቆየ የጃፓን ዘፈን ሰምታችሁ «ይሄ የኛ አይደለም እንዴ?» ያላችሁ ካላችሁ፣ ጆሯችሁ አልዋሸም።

የብሪጅወተር ርዕሰ መምህር አልበርት ቦይደን ደግ ሰው ነበር። ከሩቅ አገር ነውና የመጣህ፣ መዝሙሩ ይቅርልህ አለው። ኢሳዋ ይህን እንደ ምሕረት አላየውም። ለቀናት እንዳለቀሰ በስተርጅና በጻፈው ግለ ታሪክ ነግሮናል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በባዕድ አገር ለሚለማመድ ዕጩ መምህር ከሚሰጡት ስጦታዎች ሁሉ በጣም የሚጎዳው «ይቅርልህ» ይመስለኛል። ዛሬም በየአገሩ የሚሆነውን እናውቃለን። እንግዳው ይመጣል፤ ሻይ ይቀርብለታል፤ ከኋላ ወንበር ይሰጠዋል። አንድ ቀን «ስለ አገርህ ለልጆቹ ንገራቸው» ይባላል። ባንዲራ ያሳያል፤ የእንጀራ ፎቶግራፍ ያሳያል፤ ሦስት ቃል በአማርኛ ያስተምራቸዋል፤ ይጨበጨብለታል። ደስ የሚል ሰዓት ነው፤ ማስተማር ግን አይደለም። ልጆቹ ከዚያ በፊት ምን ያውቁ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳወቁ የጠየቀው የለም። ማንም አላረመውም፤ እንግዳ አይታረምማ! ኢሳዋ ያለቀሰው ይህ ስለገባው ይመስለኛል። ከመዝሙሩ ነፃ ሲያወጡት ከመምህርነቱም ግማሹን ነፃ አወጡት።

አልተወም። በየሳምንቱ መጨረሻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቦስተን ወደሚገኘው ሉተር ሜሰን ዘንድ ይሄድ ጀመር። ሜሰን በከተማው ትምህርት ቤቶች ለትንንሽ ልጆች ዜማ በማስተማር የታወቀ ሰው ነው። ዝነኛ ድምፃዊ ዘንድ መሄድ ይችል ነበር፤ የሄደው ግን የስድስት ዓመት ልጅ ፋ ሲስት ምን እንደሚደረግ ከሚያውቀው ዘንድ ነው። (ለእንግሊዝኛ አነጋገሩ ደግሞ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ዘንድ ይመላለስ ነበር። ቤል ያን ጊዜ መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምር፣ የአፍን አቀማመጥ በምልክት የሚያሳይ የጽሕፈት ዘዴ የሚጠቀም መምህር ነው። ስልኩን ሲሠራ ኢሳዋ ይህ ነገር ጃፓንኛም ይናገራል ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ከሐርቫርድ ጃፓናውያን ተማሪዎች አምጥቶ አነጋገረበት። ቤል ይህን ወሬ እስከ እርጅናው ሲያወራው ኖሯል።)

አንድ ርዕሰ መምህር እንደገና የማይገባው ተማሪ በመሆኑ ምን አተረፈ? ዳን ሎርቲ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር አስልቷል። መምህር ለመሆን የሚያስብ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ 13,000 ሰዓት ያህል መምህራንን ተቀምጦ አይቷል። ሐኪም የሚሆን ሰው ሐኪም ሲሠራ እንዲህ አላየም፤ ጠበቃ የሚሆነውም ጠበቃን እንዲህ አላየም። ስለዚህ ዕጩ መምህር ሥልጠና ሲጀምር ማስተማር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይመስለዋል። የሚያውቀው ግን ከተማሪ ወንበር የሚታየውን ብቻ ነው፤ መምህሩ ሲናገር፣ ሲጽፍ፣ ሲቆጣ። መምህሩ ማታ ምን እንዳሰበ፣ ያንን ጥያቄ ለምን እንደመረጠ፣ የትኛው ልጅ እንዳሳሰበው አላየም። ሌላም አለ። መምህር የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት የገባው ልጅ ነው። አለመግባት ምን እንደሚመስል ከውስጥ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ረስቶታል። ባዕድ አገር ይህን ያስታውሳል። በአገሩ ፋ ላይ የሚስት ልጅ ሲያይ «ሰነፍ» ሊል ይችል የነበረ ሰው፣ እሱ ራሱ ፋ ላይ ሲስት ስንፍና እንዳልሆነ ያውቃል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስሜት አይደለም። ኢሳዋ በ1878 ተመለሰ። በ1879 የሙዚቃ ጥናት ተቋም አስከፈተ፤ በ1880 ያን የቦስተኑን ሜሰን ቶኪዮ አስመጣው፤ ከ1881 እስከ 1884 ለአንደኛ ደረጃ የመዝሙር መጻሕፍት አሳተሙ። ኮዙም አብሯቸው ሠራ። እነዚህን መጻሕፍት ገልጦ ዜማዎቹን ለሚመለከት መምህር አንድ ነገር ግልጽ ይሆንለታል። ከመዝሙሮቹ አንዱ በስኮትላንድ ዜማ የተዘጋጀ፣ ጃፓኖች «የአብሪ ትል ብርሃን» የሚሉት ነው። ዜማው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአምስቱ ድምፅ ብቻ ይሄዳል፤ ፋም ሲም የለበትም። ዛሬም በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ምርቃት ላይ ይዘመራል፤ የገበያ አዳራሾች ሊዘጉ ሲሉ ያሰሙታል፤ ብዙ ጃፓናውያን ከባሕር ማዶ መምጣቱን ሲሰሙ ይገረማሉ። ሌላው የቢራቢሮ መዝሙር ነው፤ ዜማው የጀርመን ልጆች ነው። እሱ ደግሞ ፋን ይነካል፤ ግን ከዶ እስከ ሶል ባሉት አምስት ጎረቤት ድምፆች ብቻ፣ በአጭር እርምጃ፣ ሕፃን በማይፈራው መንገድ። አንዱ ጆሮው የሚያውቀውን ብቻ ይዞ፣ ሌላው አዲሱን ድምፅ በሚያውቃቸው መካከል አስገብቶ። የኢሳዋ እንባ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ ግን ዜማዎቹን ከማስደመጥ በቀር ሌላ የለኝም።

ሰውየውን ግን ቅዱስ አላድርገው። ጃፓን በ1895 ታይዋንን ስትይዝ የትምህርቱ ኃላፊ ሆኖ የሄደው ይኸው ኢሳዋ ነው። ታይፔ አጠገብ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የታይዋን ልጆች የገዢያቸውን ቋንቋ እንዲማሩ አደረገ። በ1896 የመጀመሪያ ቀን፣ እሱ ጃፓን ሳለ፣ ስድስት መምህራኑ በተቃዋሚዎች ተገደሉ።  በባዕድ ክፍል መቸገርን የቀመሰ ሰው ሌላውን በገዛ ቀዬው ባዕድ ሲያደርግ እናያለን። የውጭ አገር ልምምድ የሰውን ዓይን ይከፍታል ሲባል እሰማለሁ፤ ይከፍታል፤ ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ ግን ልምምዱ አይወስንም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ታካሚኔ ሂዴኦ ዕድሜው 21 ዓመት ገደማ ነበር። ከአይዙ ነው፤ በ1868ቱ የእርስ በርስ ጦርነት ከተሸነፈው ወገን። ኦስዊጎ ያን ጊዜ በአሜሪካ ስሙ የገነነ ማሠልጠኛ ነው። መሥራቹ ኤድዋርድ ሼልደን የስዊዘርላንዱ የፔስታሎዚ ትምህርት በእንግሊዞች በኩል ተሻሽሎ የተዘጋጀበትን የማስተማሪያ ዕቃ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ አይቶ ነው የጀመረው። መርሁ ልጅ ቃል ከመሸምደዱ በፊት ነገሩን ይይ፣ ይዳስስ፣ ያየውን ይናገር የሚል ነው። መምህሯ ብርጭቆ ታነሳለች። ምን ይታያችኋል? ያብረቀርቃል። ሌላስ? ወዲያ ማዶ ያሳያል። ቢወድቅስ? ይሰበራል። ታካሚኔ የኖረው ከኸርማን ክሩሲ ቤተሰብ ጋር ነበር፤ የክሩሲ አባት የራሱ የፔስታሎዚ ረዳት ነው። ከስዊዘርላንድ ተነስቶ፣ በለንደንና በቶሮንቶ አልፎ፣ በአንድ የአይዙ ልጅ ቦርሳ ቶኪዮ የገባ ሐሳብ!

ሐሳቡ ቶኪዮ ሲደርስ ምን ሆነ? መጀመሪያ አማረ። ታካሚኔ በማሠልጠኛው አስተማረው፤ ተማሪዎቹ በየአውራጃው በተኑት። በ1883 ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡ ዋካባያሺና ሺራይ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የማስተማር ዘዴ መጽሐፍ አወጡ፤ እንደ ጉድ ተሸጠ። በውስጡ መምህሩ የሚጠይቀው ጥያቄና ተማሪው የሚመልሰው መልስ ተጽፎ ተቀምጧል። አይታችኋል የሆነውን? ልጁ በዓይኑ አይቶ በራሱ ቃል ይናገር የተባለበት ትምህርት፣ ልጁ የሚናገረው ቃል አስቀድሞ የታተመበት ትምህርት ሆነ። መምህራን ሸመደዱት፤ ልጆች ሸመደዱት። እኛም አገር «ተማሪ ተኮር» የሚለው ነገር በብዙ ክፍል ወንበር ዞር አድርጎ በቡድን ከማስቀመጥ አላለፈም የሚለው ቅሬታ አዲስ አይደለም። ዘዴ ድንበር ሲሻገር ቅርፊቱ በቀላሉ ያልፋል።

ይሁንና ያ መጽሐፍ ከቅርፊት ሌላም ይዞ ነበር፤ የዛሬው ንግግሬ ጉልላት እሱ ነው። በኦስዊጎ ዕጩ መምህራን በልምምድ ትምህርት ቤቱ እውነተኛ ልጆችን ሲያስተምሩ የሚከታተሏቸው፣ ሥራቸው መተቸት የሆነ መምህራን ነበሩ። ትችቱ ስድብም ሙገሳም አይደለም፤ ጥያቄው ከልጆቹ ዕውቀት ይነሳ ነበር ወይ? ልጆቹ ያሰቡት መቼ ነው? መምህሩስ ራሱ የመለሰው የትኛውን ነው? የጃፓኑ መጽሐፍ ይህንንም ይዞ መጣ፤ ትምህርት ሲተች ሊታዩ የሚገባቸውን ነጥቦች ዘረዘረ። በማሠልጠኛዎቹና ከእነሱ ጋር በተያያዙት ትምህርት ቤቶች አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ማየት፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መነጋገር ልማድ ሆነ። የታተመው ጥያቄና መልስ በጊዜው አረጀ። መተያየቱ ቆየ።

ዛሬ ጃፓን ውስጥ የሚለማመድ የውጭ ዕጩ መምህር የሚያገኘው ይህንኑ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንደኛ ክፍል፣ መቀነስ። መምህራኑ ልጆቹ መጀመሪያ የሚያገኙት ሒሳብ 13 ሲቀነስ 9 ይሁን ወይስ 12 ሲቀነስ 7 በሚል ይከራከራሉ። እንግዳው ይገርመዋል፤ ምን ልዩነት አለው? ልዩነት አለው። 13 ላይ 9ን የሚቀንስ ልጅ ዘጠኙን ከአሥሩ አንስቶ የቀረውን 1 በ3 ላይ መደመር ይቀናዋል፤ 9 ለ10 ቅርብ ነውና። 12 ላይ 7 ሲሆን ግን ሌላው ልጅ መጀመሪያ 2ን ይቀንሳል፣ 10 ይደርሳል፣ ከዚያ 5ን ይቀንሳል። ሁለቱም መንገድ በክፍሉ ውስጥ እንዲወጣ ከፈለግህ አንዱ ቁጥር ይረዳሃል፣ ሌላው ያደናቅፍሃል። ደግሞም 13 ሲቀነስ 9 ተብሎ 16 የሚል ልጅ ይኖራል፤ አሥሩን እንዳለ ትቶ ከ9 ላይ 3ን ቀንሶ። ይህ ልጅ እንደሚመጣ በትምህርት ዕቅዱ ላይ አስቀድሞ ይጻፋል። የእኛ የትምህርት ዕቅድ መምህሩ የሚያደርገውን ይዘረዝራል፤ የእነሱ ልጁ ሊያስበው የሚችለውን የሚጽፍበት ዓምድ አለው።

ትምህርቱ ሲሰጥ ተመልካቾቹ ከኋላ ተደርድረው አይቀመጡም። በጎንና በጎን ይቆማሉ፣ የልጆቹ ደብተር እንዲታያቸው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ትምህርቱ እስኪያልቅ አይጠፋም፤ ተሳስቶ የተጻፈውም ጭምር፤ ሐሳቡ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ መታየት አለበት። በኋላ በሚደረገው ስብሰባ መጀመሪያ የሚናገረው ያስተማረው ሰው ነው። ከዚያ 16 ስላለው ልጅ ረጅም ወሬ ይነሳል። የመምህሩ ድምፅ፣ አለባበስ፣ ግርማ ሞገስ ብዙም አይነሳም።

የሚገርመው ዙሩ ነው። በ1995 በተደረገ ዓለም አቀፍ ጥናት በጀርመን፣ በጃፓንና በአሜሪካ 231 የስምንተኛ ክፍል የሂሳብ ትምህርቶች በቪዲዮ ተቀርጸው ተነጻጸሩ። ጄምስ ስቲግለርና ጄምስ ሂበርት በ1999 ያን መሠረት አድርገው መጽሐፍ ሲጽፉ የአሜሪካ መምህራን ከጃፓን ይህን አብሮ ማየትና መተቸት እንዲማሩ መከሩ። አሜሪካኖች ተነስተው ቶኪዮ ሄዱ። ታካሚኔ ኦስዊጎ ላይ ከተቀበለው ውስጥ አንዱን ክር ከ120 ዓመት በኋላ ባለቤቶቹ ሊጠይቁ መጡ ማለት ነው። በመካከሉ ጃፓኖች የራሳቸውን ብዙ ስለጨመሩበት ብድር መመለስ ብለን አንጥራው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ ልምምዱ ስንት ሳምንት ይሁን? የጃፓን ዕጩ መምህር በትምህርት ቤት የሚለማመደው ሦስት፣ አራት ሳምንት ያህል ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ከዚያም ያንሳል። ከብዙ አገር ያጠረ ነው። ግን ተቀጥሮ ሲገባ በሩ አይዘጋበትም። ከ1989 ጀምሮ አዲስ መምህር የመጀመሪያውን ዓመት በሕግ በተደነገገ ሥልጠና ያሳልፋል፤ ከዚያ በኋላም ባልደረቦቹ ክፍሉ ይገባሉ፣ እሱም ክፍላቸው ይገባል። የጃፓኑ የትብብር ድርጅት ጃይካ በእኛም አገር የሂሳብና የሳይንስ መምህራንን ሥልጠና ደግፏል፤ ስለ እነዚህ ነገሮች የሰሙ፣ አልፎ አልፎም የሞከሩ መምህራን አሉን። ሥልጠናው አልቆ ወደየትምህርት ቤታቸው ሲመለሱ ግን ብዙዎቹ ክፍላቸውን የሚያይላቸው አያገኙም። ሱፐርቫይዘር ቢመጣ ቅጽ ይዞ ነው፤ ነጥብ ሰጥቶ ይሄዳል።

ስለዚህ ዕጩ መምህራንን ወደ ውጭ ለመላክ ዕድል ያላቸው ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ኢሳዋና ታካሚኔ ሲመለሱ የሆነውን እንዲያዩ እጠይቃለሁ። ሁለቱም አንድ ቤት ገቡ። ኢሳዋ በ1879 የቶኪዮ መምህራን ማሠልጠኛ ኃላፊ ሆነ፤ ታካሚኔ አብሮት ሠራ፤ በ1881 ደግሞ ቦታውን ተረከበ። ከቤቱ ጋር ልጆች የሚማሩበት የልምምድ ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ያዩትን በማግሥቱ የሚሞክሩበት፣ ሲሳሳቱ የሚተቻቸው ባልደረባ ያለበት። እኛ ግን የአውሮፕላን ትኬቱን ቀድመን እንቆርጣለን። የሚመለሰው ልጅ የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ክፍል ገብቶ እንደሚያስተምር፣ ከጎኑ ማን ቆሞ እንደሚያይለት በደብዳቤው ላይ ተጽፎ ቢሄድ፣ ቢያንስ የሚመለስበትን ያውቃል።